ከጀርባዋ ያለችውን መኪና አታጥፏት፦ የድሮ የመንገድ ፎቶ እንዴት ይነበባል

ጅማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ያወረሰኝ አባቴ ነው። አሁን ከሥራዬ ግማሽ ያህሉ የድሮ ፎቶ ማደስ ሆኗል። ሰው ከእናቱ ሳጥን፣ ከቁርአን ወይም ከዳዊት መሃል፣ ከግድግዳ ላይ የተሰነጣጠቀ ፎቶ ይዞልኝ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ለሙት ዓመት ነው። «እሷን ብቻ አውጪልኝ፣ ጀርባውን ሰማያዊ አድርጊው» ይለኛል።

ለብዙ ዓመታት የተባልኩትን አደረግሁ። ጀርባውን አጠፋሁ፣ ሰማያዊ ቀባሁ፣ ሲጠይቁኝም ፏፏቴ አስገባሁ። ከሰውዬው ጋር አብሮ የቆመው ጋሪ ጠፋ። ቮልሷ ጠፋች። የፈረንጅ አራዳ ሰፈር በረንዳ፣ ባዶ እግሩን የሚያይ ልጅ፣ ከቡና ጆንያ ላይ የተቀመጠ ወዛደር፣ ሁሉም ጠፋ። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ዋናው ፎቶ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ቢሆንም ስንቱ እንደተጣለ አላውቅም።

ዓይኔን የገለጠልኝ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ፎቶ ነው። የአክስቴ ልጅ አዮዋ ትኖራለች። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ፖስት ካርድ ገዝታ በቴሌግራም ላከችልኝ። የትንሽ ከተማ ዋና መንገድ ነው። አስፋልት የለውም። ጥግ ላይ ባንክ፣ በሁለቱም በኩል ሸራ የተዘረጋላቸው ሱቆች፣ ሰባት መኪና፣ ሁለት የፈረስ ጋሪ፣ መሃል መንገድ ላይ የተኛ ውሻ። «አንቺ የፎቶ ሰው ነሽ፣ ይህ መቼ የተነሳ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ እያነበብኩ፣ ጎረቤቴ ያሉትን የድሮ መካኒክ ጋሼን እየጠየቅሁ ደረስኩበት። ከዚያ ያንኑ መንገድ በጅማ ፎቶዎች ላይ ሞከርኩት። ሠራ። እናንተም ቤታችሁ ያለውን ፎቶ እንድታነቡበት እነሆ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ አትላጡት። ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይቀራል። በመስታወቱ ላይ እንዳለ አንሱት። በእርጥብ ጨርቅም ሆነ በአልኮል አትጥረጉት፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ። ስካነር ካገኛችሁ በ600 ዲፒአይ፣ ፎቶው እንደ ክብሪት ቀፎ ትንሽ ከሆነ በ1200 ስካን አድርጉ። ስልክ ብቻ ከሆነ ያላችሁ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት፣ ያለ ፍላሽ አንሱት። ስልኩ ከፎቶው ጋር እኩል ይተኛ። የወረቀቱን ጀርባም አንሱ። ጀርባውን የሚረሳው ሰው ብዛት!

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ፎቶው ተገልብጦ የታተመ እንዳይሆን። ኔጋቲቭ በተሳሳተ ፊቱ ከተቀመጠ ግራው ቀኝ ይሆናል። አባቴ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ ይህን ይፈራ ነበር። ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ወይም ታርጋ ፈልጉና ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበብ እንደሆነ እዩ። ጽሑፍ ከሌለ የወንድ ኮት ቁልፍ ተመልከቱ፤ ወንድ ኮት የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል። ይህን ሳታረጋግጡ ስለ መንገድ ግራና ቀኝ ምንም እንዳትወስኑ።

ጀርባው የሚናገረው

የአሜሪካ ፖስት ካርድ ጀርባ ብዙ ይናገራል። እስከ መጋቢት 1 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ድረስ በካርዱ ጀርባ ላይ የሚጻፈው አድራሻ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፈለ፤ በግራ መልእክት፣ በቀኝ አድራሻ። የእኛ ካርድ የተከፈለ ነው። ስለዚህ ከ1907 ወዲህ ነው። ቴምብር የሚለጠፍበት አራት ማዕዘን ዙሪያ ደግሞ ኤ፣ ዜድ፣ ኦ የሚሉ ፊደላት አሉ። የወረቀቱ ማርካ ነው። በማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። አራቱም ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ይመደባል። ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930። የእኛዋ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች ናት።

በእኛ አገር ፎቶ ጀርባ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ። በአማርኛ ቁጥር ወይም በአማርኛ ጽሑፍ የተጻፈ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈ የፈረንጅ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ ብዙ ያሳስታል። ቀጥሎ በሮማ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ካገኛችሁ የጣሊያን ፎቶ ይዛችሁ ሊሆን ይችላል። የሙሶሎኒ መንግሥት ዘመኑን የሚቆጥረው ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ በሮማ ቁጥር 15 የሚል ካያችሁ ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ጣሊያን የከተማችንን ስም በላቲን ሲጽፍ በ«ጂ» ፊደል ይጀምረዋል። ሱቅ ላይ ወይም ካርዱ ላይ እንደዚያ ተጽፎ ካያችሁ ልብ በሉ።

ደግሞ ጀርባው የሚናገረው ስለ ወረቀቱ ነው። የ1940ዎቹ ፎቶ በ1970ዎቹ በድጋሚ ሊታተም ይችላል። አባቴ ራሱ ስንቱን አትሟል። ሐምራዊ ማኅተሙ ጀርባው ላይ አለና ፎቶውን ያነሳው እሱ ይመስላል፤ ዋናው ግን የሌላ ነው።

መኪናዋ

አሁን ወደ ዋናው ገባን። መኪና ለፎቶ አንባቢ ትልቅ ስጦታ ነው። ልብስ በየሰፈሩ ይለያያል፣ ቤት መቶ ዓመት ይቆማል። መኪና ግን የተሠራችበት ዓመት ይታወቃል፤ ፋብሪካውም በየጥቂት ዓመቱ አንድ ነገር ይቀይርባታል።

የአዮዋውን ፎቶ እንውሰድ። ከሰባቱ መኪኖች አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ጋሼ በማጉያ መነጽር አዩና «ፎርድ ናት፣ ያቺ የጥንቷ» አሉኝ። ሞዴል ቲ የምትባለዋ ናት። ለገበያ የቀረበችው ጥቅምት 1 ቀን 1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ መስከረም 1901 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የደነቀኝን ልንገራችሁ። ምኒልክ ዘንድ የመጀመሪያዋ መኪና የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ነው አዲስ አበባ ያስገባት። ያኔ ፎርድ ሞዴል ቲ ገና አልወጣችም።

ሞዴል ቲ ስትጀምር ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር። (ስለ አሜሪካ የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።) ፎርድ በ1913 መኪናውን በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ መገጣጠም ጀመረ። አንዷን ሻንሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ዋጋዋ ከ300 ዶላር በታች ገባ። እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ተሠሩ። ገበሬው የገዛት ለዚህ ነው። በትንሽ ከተማ ፎቶ ላይ አምስት ሞዴል ቲ ተደርድሮ ብታዩ አይግረማችሁ።

ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲመስሉ ዓመቱ እንዴት ይለያል? ፊቷን እዩ። የራዲያተሩ ዙሪያ እንደ ጀበና ማስቀመጫ ናስ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከ1917ቱ ሞዴል በፊት ናት። ከ1917ቱ ሞዴል ጀምሮ ጥቁር ሆነ። ከዚያ መብራቷን እዩ። የመጀመሪያዎቹ በጋዝ ነበር የሚበሩት። ካርባይድ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ ጋዝ ይወጣል፣ በቱቦ ወደ መብራቱ ይሄዳል፣ በክብሪት ይለኮሳል። የእኛ በያጆች ካርባይድ ስለሚያውቁ ይህን ስነግራቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ከ1915 ሞዴል ጀምሮ የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ሆነ። ቀለሟም ከ1914 እስከ 1925 ጥቁር ብቻ ነበር። ጎማዋ ነጭ ከሆነ አሮጌ መሆኗን ጠርጥሩ። ጎማ ላይ ጥቁር ካርቦን መጨመር እስኪለመድ ድረስ ጎማ ነጣ ያለ ነበር። ቸርኬው የእንጨት ነው፣ እንደ ጋሪ እግር።

የፊቷን ማኖቤላም ፈልጉ። ከራዲያተሩ ሥር የተንጠለጠለች እጀታ ናት። ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ጋሼ የድሮ የጭነት መኪና በማኖቤላ ያስነሱ ስለነበር አያያዙን አሳዩኝ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ይሆናል እንጂ እጀታውን አይከብም። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አውራ ጣት ይሰብራል፣ ክንድም ይሰብራል። አሜሪካኖቹም ይህንኑ እየተማከሩ ነበር የሚያስነሱት። በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር አወጣ። ሞዴል ቲ ላይ ግን ሞተሪኖ የመጣው በ1919 ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ጋሼን በጣም ደስ አሰኛቸው። ሞዴል ቲ የነዳጅ ፓምፕ የላትም። ታንከሯ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ቤንዚን በራሱ ክብደት ይወርዳል። ዳገት ሲበዛና ታንከሩ ሲጎድል ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይደርስም። ስለዚህ ሹፌሩ አዙሮ ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጣዋል። ጋሼ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ስንት ጊዜ ተመላልሰውበታል። ዝም ብለው አሰቡና «በኋላ ማርሽ!» አሉ።

በካርዳችን ላይ ካሉት አምስት ፎርዶች አራቱ ጥቁር ፊት አላቸው። አንዷ የናስ ናት። ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፣ በደንብ ያዙት። ፎቶውን የምትቆጥሩት በአሮጌው ዕቃ አይደለም፤ በአዲሱ ነው። የናሷ መኪና በ1912 ተሠርታ በ1920ም ልትቆም ትችላለች። ጥቁር ፊቷ ግን ከመሠራቷ በፊት ፎቶ ውስጥ ልትገባ አትችልም። መኪና «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» ትላችኋለች። «ከዚህ ዓመት በኋላ አይደለም» ብላ ግን አትነግራችሁም። በተለይ በእኛ አገር። እዚህ መኪና ዕድሜዋ ረጅም ነው።

የጅማ መኪኖች

ጅማ ላይ ፎርድ ሞዴል ቲ ፍለጋ አትድከሙ። እኔ እስካሁን ባየኋቸው ፎቶዎች ውስጥ የሚደጋገሙት እነዚህ ናቸው።

ቮልስ። የኋላ መስታወቷን እዩ። መሃሉ ላይ ተከፍሎ ሁለት ከሆነ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። አንድ ሆኖ እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ ከ1953 እስከ 1957። ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ በኋላ። ሰው መኪና ተደግፎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል ነው፤ ዕድል ነው።

ሴቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600። የወጣችው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በሯ ክፍት ሆኖ ካገኛችሁ ማጠፊያው የት እንደሆነ እዩ። ማጠፊያው ከኋላ ሆኖ በሩ ወደ ፊት አፉን ከከፈተ ከ1964 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራች ናት። ላንድሮቨር ደግሞ መብራቶቿ መሃል፣ ከፍርግርጉ ጋር ተጠጋግተው ከሆነ የቀድሞዋ ናት፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ፓራፋንጎው፣ ማለትም ወደ ጭቃ መከላከያው ወጡ። ፔጆ 404 ከ1960 እ.ኤ.አ. በፊት የለችም። የኤንትሬ አባት የሆነው የጭነት መኪና፣ ፊያት 682፣ የተጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። መሪው በቀኝ ነው። ጋሼ ምክንያቱን ሲነግሩኝ፣ «ገደሉን አጮልቀህ እያየህ እንድትነዳ ነው» ይላሉ። ስለዚህ መሪው በቀኝ ስለሆነ ብቻ «ያኔ መንገዱ በግራ ነበር» ብላችሁ አትደምድሙ።

ፍሬቻም አትርሱ። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። የድሮ መኪና ሲታጠፍ ከበሩ ምሰሶ አጠገብ እውነተኛ ክንድ ብቅ ይላል። ስሙ ከዚያ የቀረ ነው። ፎቶ ላይ ያቺን ክንድ ካያችሁ መኪናዋ የድሮ መሆኗን ዕወቁ።

ግራና ቀኝ

ይህን ማንም ሳይነግረኝ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ! ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በግራ ነበር የሚሄደው። ወደ ቀኝ የተቀየረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመንገድ ፎቶ ላይ መኪኖች የቱን ይዘው እንደሚሄዱ ካያችሁ ፎቶውን በአንድ ጊዜ ለሁለት ከፈላችሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቆመ መኪና ተዉ፤ ሰው እንደፈለገ ያቆማል። የሚሄድ መኪና ፈልጉ። ፊቱን ወደ እናንተ አድርጎ የሚመጣ መኪና በፎቶው ቀኝ በኩል ካለ እሱ የያዘው የራሱን ግራ ነው። ጊዜው ከ1956 ሰኔ በፊት ነው። በፎቶው ግራ በኩል የሚመጣ ከሆነ ቀኙን ይዟል። አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ጉድጓድ ሸሽቶ ሊሆን ስለሚችል አትቸኩሉ። ሁለት ሲተላለፉ ካገኛችሁ ግን ጥሩ ማስረጃ ነው።

መንገዱን አንብቡ

መኪናዋ ዓመቱን ትነግራችኋለች። ኑሮውን የሚነግራችሁ ግን መሬቱ ነው። እኔ አሁን ብዙ ሰዓት የማጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ የምወደውም ይህን ነው።

መሬቱን በደንብ አጉሉት። የአዮዋው መንገድ በጎማ ተቦርቡሯል። ቀጭን የጎማ መስመርና የፈረስ ኮቴ አብረው አሉ። ሞዴል ቲ ከመሬት ከፍ ያለችው ለዚህ ጭቃ ነው። ከባንኩ ፊት ለፊት የብረት ዘንግ ተዘርግቷል፤ ፈረስ የሚታሰርበት ነው። መኪኖቹ ከዚያው ዘንግ ፊት አፍንጫቸውን ወደ ሱቁ አድርገው ገደድ ብለው ቆመዋል። ልክ እንደ ፈረስ። ሰዎቹ መኪና ገዙ እንጂ የማቆም ልማዳቸውን ገና አልቀየሩም።

አንዱ ሱቅ በር ላይ፣ እግረኛ መሄጃው ጠርዝ ላይ፣ ሰው የሚያህል የነዳጅ ፓምፕ ቆሟል። መጀመሪያ ቤንዚን በቆርቆሮ ነበር ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው፣ ከስኳርና ከምስማር ጋር። ከዚያ ባለሱቁ በሩ ላይ ፓምፕ አቆመ። እንደ ዛሬው ገብተው የሚወጡበት ማደያ እየተስፋፋ የሄደው ከ1913 በኋላ ነው። የፈረስ ጫማ የሚሠራው ቀጥቃጭ ደግሞ መኪና መጠገን ይጀምራል። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም ሥራ ጎን ለጎን ተጽፎ ካያችሁ ጊዜው የመሸጋገሪያ መሆኑ ገባችሁ ማለት ነው።

ሰዎቹንም ቁጠሩ። በካርዱ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው መንገደኛውን የሚያዩ ሦስት ሴቶች አሉ። መጀመሪያ ሰው እየጠበቁ መስሎኝ ነበር። በኋላ አነበብኩ። ቅዳሜ ገበሬው ከነቤተሰቡ ወደ ከተማ ይመጣል። ዋናው መንገድ ላይ ጥሩ ቦታ ለማግኘት ቀደም ብሎ መኪናውን ያቆማል። ባል ዕቃ ሲሸምት፣ ሚስት መኪናው ውስጥ ሆና የሚያልፈውን ሰላም ትላለች፣ ወሬ ትለዋወጣለች። ይህን ሳነብ የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ታወሰኝ። ሰው ከጅሬን፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦ በበቅሎና በእግር ወርዶ ግማሽ ቀን የሚገበያየው ዕቃ ብቻ አልነበረም።

የጅማ ፎቶ ስታነቡም እንዲሁ አድርጉ። ጋሪው ሰው ነው የጫነው ወይስ ዕቃ? ፈረሱ ደወል አለው? የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለ? ዛፉ ምን ያህል አድጓል? ያው ዛፍ ዛሬም ካለ ሄዳችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ቡና በጆንያ ሆኖ የጭነት መኪና ላይ እየተጫነ ከሆነ ወቅቱ ከለቀማው በኋላ ያለው በጋ ሊሆን ይችላል። ጥላ እዩ። አጭር ጥላ ቀትር ነው። ጭቃና ጃንጥላ ክረምቱን ይነግራችኋል፤ ጅማ ላይ ግን ዝናብ ወቅት አይጠብቅምና በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ነዳጅ ማደያው ላይ ስድስት እግር ያለው ውሻ ካለ አጂፕ ነው፤ ያ ምልክት ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፊት አልነበረም። ዛሬም ሰፈሩን አጂፕ እንለዋለን።

ሽማግሌ ስትጠይቁ

ፎቶውን ይዛችሁ «ይህ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ዓመት አያስታውስም። እናንተን ላለማሳፈር ሲል የመጣለትን ይናገራል፣ እናንተም ትጽፉታላችሁ፣ ስህተቱ ዘር ይወጣለታል። በቡና ሰዓት ሂዱ። አንደኛው ሲኒ ሳይጠጣ ፎቶውን አታውጡ። ከዚያ ትልቅ አድርጋችሁ ያተማችሁትን ስጡ፤ ለደከመ ዓይን የስልክ ስክሪን አይሆንም።

ጥያቄው ስለ ነገሩ ይሁን። «ይቺ መኪና የማን ነበረች?» «እዚህ ሱቅ ምን ይሸጥ ነበር?» «አዲስ አበባ ለመሄድ የት ነበር የሚታደረው?» «ይህ ሲነሳ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» አዛውንት እናቶች ዘመን የሚቆጥሩት በልጅ ነው። መርካቶ ያሉ አንዲት አዴ አንድን የፎቶ ዓመት የነገሩኝ «ሦስተኛዋን ሳጠባ መብራት ገና እዚህ አልደረሰም» ብለው ነው። ልጅቷ የተወለደችበት ዓመት ይታወቃል፤ ምሰሶ ፎቶው ላይ የለም። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ሲናገሩ አታርሟቸው። ያላችሁት ማስረጃ ከሚሉት ጋር ቢጋጭ ሁለቱንም ጻፉ።

አንድ ፎቶ ከነሥራው

ባለፈው በጋ አንድ ደንበኛ የእናቱን ፎቶ አመጣ። ሙት ዓመታቸው ደርሶ ነው። ወጣት ሴት፣ ነጠላ ለብሳ፣ ቮልስ ተደግፋ ቆማለች። ከኋላዋ መንገድ አለ። ቤተሰቡ ፎቶው በ1948 ዓ.ም. የተነሳ፣ ከማግባቷ በፊት ነው ብሎ ያምናል። «እሷን ብቻ» አለኝ። እኔም «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ሁለት ቀን ስጠኝ» አልኩት።

የቮልሷ የኋላ መስታወት ሞላላ ነው። ከ1953 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ከ1948 ዓ.ም. ጋር አይጋጭም። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ቤተሰቡ ልክ ነው እል ነበር። ከኋላ ግን ሁለት መኪና እየተላለፉ ነው። የምትሄደው ሚሌቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 1100 ናት። የምትመጣዋ ደብዝዛለች፤ በ1200 ስካን አድርጌ ጋሼን ጠራኋቸው። አንዴ አይተው «404» አሉ። የግንባሯን አቀማመጥ፣ የመብራቶቿን ቦታ ጣታቸውን እያስጠጉ አሳዩኝ። 404 የወጣችው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1952። ስለዚህ ፎቶው ከ1952 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም።

ከዚያ ሱቁ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ፎቶው አልተገለበጠም። 404ቷ የምትመጣው በፎቶው ቀኝ በኩል ነው። ግራዋን ይዛለች። ሚሌቼንቶዋም እንዲሁ። ስለዚህ ከሰኔ 1956 በፊት ነው። ከአራት ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ገባን።

ደንበኛዬን ደወልኩለት። ታላቅ እህቱ መቼ እንደተወለደች ጠየቅሁት። 1951 አለኝ። ለምን እንደጠየቅሁ ላሳየው ፎቶ ቤት እንዲመጣ ነገርኩት። ከፎቶው ግርጌ፣ በእናትየው ቀሚስና በመኪናዋ ፓራፋንጎ መሃል፣ ትንሽ እጅ አለች። ቀሚሱን ጨብጣለች። ከክርኗ በታች ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀሪው ከፍሬሙ ውጭ ነው። ቤተሰቡ ያየው ካለ የጎረቤት ልጅ ነው ብሎ አልፎታል፤ ያላገባች ሴት ነበረች ብለው ያምኑ ስለነበር። እኔም ጀርባውን ባጠፋ ኖሮ እጇን ከመኪናዋ ጋር እቆርጣት ነበር።

እህቱ ናት ብዬ አልማልኩለትም። ልትሆን እንደምትችል ግን ነገርኩት። ፎቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጀርባው እንዳለ እንዲቀር፣ ሁለት ቅጂ እንዲሆንለት አዘዘ፤ አንዱን ለእህቱ።

ጀርባው ላይ የምትጽፉት

በእስክርቢቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ያልፋል፣ ሲጫኑትም ፊት ላይ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳይጫኑ። ያያችሁትን፣ የገመታችሁትንና የተነገራችሁን ለዩ። ማን እንደነገራችሁም ጻፉ። አንድ ዓመት ብቻ አትጻፉ፤ ከዚህ እስከዚህ በሉ። የአዮዋውን ካርድ «ከ1918 እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ» ብዬ ላክሁላት። መነሻው ከወረቀቱና ከጥቁር ራዲያተሩ ነው። መድረሻውን የገመትኩት ደግሞ ሁሉም መኪኖች ባለ ሸራ ጣሪያ ስለሆኑ ነው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው አዲስ መኪና ባለ ቆርቆሮ ጣሪያና ባለ መስታወት ሆኖ ነበር።

በደንበኛዬ ፎቶ ጀርባ ላይ የጻፍኩት ደግሞ ይህ ነው፦

«ጅማ። ከ1952 እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ባለው ጊዜ። መንገዱ በግራ ነበር። ከኋላ የምትመጣዋ ፔጆ 404፣ መካኒክ አይቷት ያረጋገጣት። ቀሚስ የያዘችው እጅ የመጀመሪያ ልጇ ልትሆን ትችላለች፣ ዕድሜዋ ይገጥማል። ቮልሷ የማን እንደነበረች ገና አልተጠየቀም።»